ያልተከተቡት ልጆች ጤና ጣቢያ መጥተው ነበር

ኩፍኝ በአንድ ወረዳ ገባ በተባለ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ክትባቱ በነጻ ነው፣ ጤና ጣቢያውም ቅርብ ነው፤ ታዲያ እናቶች ለምን አያስከትቡም? ይህ በቢሮ ስብሰባ ይጠየቃል፣ በሬዲዮ ይጠየቃል፣ ቡና ላይም ይጠየቃል። መልሱም አብሮት ይመጣል፤ «ግንዛቤ የላቸውም»። መልሱ ይህ ከሆነ ቀጥሎ የሚደረገው ይታወቃል። ባነር ይታተማል፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ሰፈር ለሰፈር ትዞራለች፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጃል፣ አበል ይከፈላል። ኩፍኙ ግን ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል።

እኔ ጥያቄው ከመነሻው የተጣመመ ይመስለኛል። ክትባታቸውን ሳይጨርሱ ከሚቀሩት የአገራችን ልጆች እጅግ ብዙዎቹ እናቶቻቸው ያላመጧቸው አይደሉም። መጥተዋል። ተሰልፈዋል፣ ተመዝነዋል፣ ተወግተዋል፣ ካርድ ይዘው ወጥተዋል፤ የጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። የጠፉበትም ምክንያት ከእናቲቱ ጭንቅላት ይልቅ በክትባት ክፍሉ አሠራር ውስጥ ይገኛል። የክትባት ሽፋን ከፍ እንዲል የሚፈልግ ሰው ባነር ከማሳተሙ በፊት አንድ ጠዋት ክትባት ክፍል ገብቶ ይቀመጥ የምለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው

የኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር ስድስት በሽታዎችን ይዞ ነበር፤ ቲቢን፣ ዲፍቴሪያን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ፖሊዮንና ኩፍኝን። በ1999 ዓ.ም. አምስት ክትባት በአንድ መርፌ የሚይዘው ፔንታ መጣ። በ2004 ዓ.ም. ለሳንባ ምች ፒሲቪ፣ በ2006 ዓ.ም. ለተቅማጥ ሮታ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ተጨመሩ። አንድ ሕፃን ካርዱ እንዲሞላለት እንደተወለደ፣ ከዚያ በተለምዶ የ45 ቀን በምንለው በ6ኛው ሳምንት፣ በ10ኛው፣ በ14ኛው፣ ቀጥሎም በ9 ወሩና በ15 ወሩ መቅረብ አለበት። አንዱን ቀን መሳት ቀላል ነው፤ የሳተውን መልሶ የሚይዝ አሠራር ከሌለ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

አሁን የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናትን እንግለጥ። ጥናቱ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ያላቸውን ልጆች ይቆጥራል። ከ100 ልጆች መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት 39 ነበሩ። ምንም ያልወሰዱት 16 ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 39 ነው፤ ከዚያ በመነሣት «61 እናቶች አላስከተቡም» የሚል ስሕተት ይከተላል። ነገር ግን እዚያው ሰንጠረዥ ላይ የመጀመሪያውን ፔንታ የወሰዱት 73 ናቸው። ፔንታ በመርፌ የሚሰጥ ነው፤ እንደ ፖሊዮ ጠብታ በዘመቻ ቤት ለቤት አይታደልም። እነዚህ 73 ልጆች ጤና ጣቢያ፣ ጤና ኬላ ወይም ባለሙያ ወጥቶ ክትባት የሚሰጥበት ቦታ ደርሰዋል ማለት ነው። ከእነሱ 34ቱ አልጨረሱም። ፔንታን ጭራሽ ያልጀመሩት 27 ናቸው። ጀምሮ የጠፋው ካልጀመረው ይበልጣል።

እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ሰው ብዙም አያነሣውም እንጂ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ እሱ ነው። ሦስተኛውን ፔንታ የወሰዱት 53፣ የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት 54 ናቸው። ሁለቱም ከግማሽ በላይ ሆነው ሳለ ሁሉንም የጨረሱት 39 ብቻ መሆናቸው አንድ ነገር ይነግረናል። ቢያንስ 15 ልጆች ለኩፍኝ ተወግተው ሌላ ክትባት ቀርቶባቸዋል። ከእነሱ የተወሰኑት ኩፍኙን በዘመቻ አግኝተውት ይሆናል። የቀሩት ግን ወንበሩ ላይ፣ ባለሙያው ፊት፣ ካርድ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ካርዱን ገልጦ «ይህቺ ልጅ እኮ ፔንታ ሦስት ይቀራታል» ያለ አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ሁሉንም የጨረሱትን ወደ 43 ከመቶ አድርሷቸዋል። በ1992 ዓ.ም. 14 ከመቶ ከነበረው አንጻር ትልቅ ጉዞ ነው፤ ለዚህም ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተሰማሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የማያመሰግን ሰው የለም። ይሁን እንጂ ኩፍኝን የመሰለ ተላላፊ በሽታ 43ን አይፈራም። እሱን ለማቆም ከ100 ልጅ 95 መከተብ አለበት።

«ለሦስት ልጅ አልከፍትም»

ማክሰኞ ጠዋት ነው እንበል። የክትባት ክፍሉ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ ትልቁ መዝገብ፣ ጥግ ላይ የሕፃናት ሚዛን፣ እግር ስር ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ካርቶን አለ። የ9 ወር ልጅ የታቀፉ ሦስት እናቶች ለኩፍኝ መጥተዋል። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ነው የሚመጣው፤ ከማሟሚያው ጋር ሲቀላቀል አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ይበቃል። ከተቀላቀለ ግን ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ሲስተር ወንበሩን በዓይኗ ቃኝታ ልጆቹን ቆጠረች።

«የኔ እናት፣ ለሦስት ልጅ አልከፍትም። ሐሙስ ነው የኩፍኝ ቀን፤ ሐሙስ ነይ።»

«ሲስተር፣ ሐሙስ እኮ ሥራ ላይ ነኝ። ዛሬንም ለምኜ ነው የወጣሁት።»

«ምን ላድርግ? መመሪያው ነው።»

መመሪያው እንዲያ አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት አቋም ግልጽ ነው፤ አንድ ልጅም ብትመጣ ብልቃጡ ይከፈታል። የኩፍኝና የቲቢ ክትባቶች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ከርካሾቹ ናቸው፤ ሰባት ዶዝ ቢደፋ ኪሳራው አንድ ልጅ በኩፍኝ ሳንባዋ ተይዞ አልጋ ስትይዝ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። ታዲያ ሲስተር ለምን አትከፍትም? ክፉ ሆና አይደለም። በወሩ መጨረሻ ስንት ዶዝ ተከፈተ፣ ስንት ተሰጠ ተብሎ ይሰላል፤ ልዩነቱ ብክነት ይባላል፤ ለሱፐርቪዥን የመጣው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው። ሳትከተብ የተመለሰችው ልጅ ግን ሪፖርት ላይ የለችም። ባለሙያዋ የምትጠየቅበትን ትጠብቃለች፤ ማንም ሰው በእሷ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል።

የቲቢው ክትባት ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ ብልቃጥ 20 ዶዝ ይይዛል፣ እሱም ከተበጠበጠ በኋላ 6 ሰዓት ብቻ ነው ዕድሜው። ጤና ጣቢያው ውስጥ የተወለደ ሕፃን በተወለደበት ቀን ሳይከተብ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በ2008ቱ ጥናት በተወለዱ ጊዜ መሰጠት ያለበትን የቲቢ ክትባት ያገኙት 69፣ በ6ኛው ሳምንት የሚሰጠውን ፔንታ ያገኙት ደግሞ 73 መሆናቸው ግራ ያጋባል። ፊተኛው ከኋለኛው ያነሰበት አንዱ ምክንያት የብልቃጡ መጠን ይመስለኛል፤ ያኔ አብዛኞቹ እናቶች ቤታቸው ይወልዱ የነበረ መሆኑም ሌላው ነው።

የሚቃወመኝ አይጠፋም። «ለአንድ ልጅ እየከፈትን ብንደፋ ክምችታችን ያልቅብናል፤ ያን ጊዜ አሥሩም ልጅ ሳይከተብ ይመለሳል» የሚል የጤና ጣቢያ ኃላፊ እውነት አለው። አቅርቦት በሚቆራረጥበት ወረዳ ይህ የወሬ ስጋት አይደለም። በሳምንት ሁለት ልጅ በሚወለድበት ቀበሌ በየቀኑ ብልቃጥ መክፈት እኔም አልደግፍም። መፍትሔው ግን የመጣችውን መመለስ ሳይሆን እንዳትመለስ አድርጎ መጥራት ነው። የኩፍኝ ቀን ሐሙስ ከሆነ፣ እናቲቱ ያን ማወቅ ያለባት በ14ኛው ሳምንት ካርዷ ላይ «ሐሙስ» ተብሎ ሲጻፍላት ነው፤ ማክሰኞ መጥታ ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ አይደለም። ሳታውቅ ማክሰኞ ከመጣች ደግሞ ይከፈትላት። ፍርዴ ይህ ነው፤ ቀን መመደብ ጥሩ፣ የመጣን ልጅ መመለስ ክልክል። አቅርቦቱም በሚወለደው ልጅ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሚደፋውን ጨምሮ ይታቀድ።

ካርዱን ማን ይጠይቃል?

ልጅ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ለክትባት ብቻ አይደለም። ሳል ሲይዘው፣ ሲያስቀምጠው፣ ጆሮው ሲያመው ይመጣል። በከተማ ያለን ወላጆች የግል የሕፃናት ክሊኒክ እንወስደዋለን። ከፍለን፣ ወረፋ ጠብቀን እንገባለን፤ ሐኪሙ ጉሮሮውን አይቶ፣ ደረቱን አዳምጦ፣ ሽሮፕ ጽፎ ይሸኘናል። የክትባት ካርዱን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀን የለም። ክትባት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሥራ ነው ተብሎ ተትቷል። ጤና ጣቢያ ውስጥም ቢሆን የታመሙ ሕፃናት የሚታዩበት ክፍልና ክትባት ክፍሉ በአንድ ኮሪደር ላይ ሆነው እንደ ሁለት መሥሪያ ቤት የማይተዋወቁበት ጊዜ አለ።

የታመመ ልጅ አይከተብም የሚለው እምነት ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ሳል፣ ጉንፋን፣ ቀላል ትኩሳት፣ ተቅማጥ ክትባት አይከለክሉም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃንም ይከተባል። ክብደቱ የቀነሰ፣ ምግብ ያነሰው ልጅ እንዲያውም ከሌላው ቀድሞ ለኩፍኝ መከተብ ያለበት ነው፤ ኩፍኝ የሚገድለው እሱን ነውና። ክትባት የሚከለክሉት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ ካለፈው ዶዝ በኋላ ብርቱ የአለርጂ ምልክት የታየበት፣ ሆስፒታል የሚያስተኛ ሕመም ላይ ያለ፣ ወይም የሰውነቱ መከላከያ እጅግ ተዳክሞ የቲቢውን የመሰለ ሕያው ክትባት የማይችል። «ጉንፋን ይዞታል፣ ሲሻለው አምጪው» የተባለች እናት ግን ስንቷ ትመለሳለች?

ይህ የደሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1991 አሜሪካ ውስጥ ኩፍኝ ተነሥቶ ወደ 55 ሺሕ ሰው ታሞ ከ120 በላይ ሞቷል። እዚያም መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው በወላጆች ላይ ነበር። ነገሩ ሲጠና ግን ካልተከተቡት ሕፃናት ብዙዎቹ በዚያው ዓመት ሐኪም ቤት ተመላልሰው ነበር፤ ክትባት የሰጣቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁለት ነገር ነው። ክትባቱ አቅም ለሌላቸው ልጆች በነጻ እንዲቀርብ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ለሕፃናት ክሊኒኮች የአሠራር ደረጃዎች ወጡ፤ 18 ነበሩ። ዋና ዋናዎቹን ስታነቡ ስለ ወላጅ ትምህርት የሚሉት ትንሽ ነው። ልጁ በመጣ ቁጥር የክትባት ሁኔታውን እዩ፣ በቀላል ሕመም ምክንያት አትመልሱ፣ በአንድ ቀን የሚደርሱትን ሁሉ በአንድ ቀን ስጡ፣ የቀሩትን ፈልጋችሁ ጥሩ ነው የሚሉት። ክሊኒኩን ነው የሚያርሙት።

ከእነዚህ መካከል «ሁሉንም በአንድ ቀን ስጡ» የሚለው እኛ ዘንድ ፈተና አለው። በ14ኛው ሳምንት ፔንታ፣ ፒሲቪና የፖሊዮ መርፌ አንድ ላይ ይደርሳሉ። ሦስት መርፌ። እናት ትሳቀቃለች፣ አንዳንድ ጊዜ ባለሙያዋም አብራ ትሳቀቃለች፤ «አንዱን ሌላ ቀን እንስጠው» ይባልና ያ ሌላ ቀን አይመጣም። ሕፃኑ የሚያለቅሰው በአንዱም በሦስቱም ነው፤ ሰውነቱም ሦስቱን አብሮ ይችላል።

ያልተነገራት እናት

ከፔንታ በኋላ ሌሊት ትኩሳት ይነሣል፣ የተወጋው ጭን ያብጣል፣ ልጁ ይነጫነጫል። የተለመደ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። የቲቢው ክትባት ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ክንድ ላይ ቁስል አውጥቶ ጠባሳ ይተዋል፤ የሚጠበቅ ነው። ይህ ያልተነገራት እናት ሌሊቱን ሙሉ ልጇን ታቅፋ ስታድር፣ በነጋታው ጎረቤት ብቅ ብላ «መርፌው ነው» ስትላት፣ በሚቀጥለው ወር ለምን ትመጣለች? ግንዛቤ የላትም የምንላት ይህችው ናት። ያስተማራት ግን ሌሊቱ ነው፤ ባለሙያዋ አንድ ደቂቃ ሰጥታት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ታስተምራት ነበር። ምን እንደተሰጠ፣ ምን ሊከተል እንደሚችል፣ መቼ እንደምትመለስና ካርዱን ይዛ መምጣት እንዳለባት፤ አራቱም ከአንድ ደቂቃ አያልፉም።

አገሩን የሚያውቅ ክሊኒክ ደግሞ ከዚህም አልፎ ያስባል። ብዙ ቤተሰብ ዘንድ አራስ ከክርስትና በፊት ከቤት መውጣቷ አይወደድም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የ45 ቀኑ ክትባት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ሴት ልጅ ግን በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው፣ የመጀመሪያው ፔንታ ከዚያ ቀድሞ ይደርሳል። ይህን ያወቀች አዋላጅ እናቲቱን ከመሸኘቷ በፊት ነገሩን ታነሣዋለች፤ ባሏን ወይም አማቷን ጠርታ ታስረዳለች። ሌላው ክፉ ጊዜ ከ14ኛው ሳምንት እስከ 9 ወር ያለው ነው። ከአምስት ወር በላይ ቀጠሮ የለም። በዚህ መካከል እናት ወደ ሥራ ትመለሳለች፣ ልጅ ለሞግዚት ይተዋል ወይም አያት ዘንድ ገጠር ይላካል፣ አከራይ ቤት ያስለቅቃል፣ ካርዱ ከዕቃ ጋር ይጠፋል። የኩፍኙ ቀን ሲደርስ መዝገቡ አንድ ክፍለ ከተማ ነው፣ ልጁ ሌላ።

ወሬውም አለ፤ ርቀቱም አለ

ወሬን አቅልሎ ማየት እንደማይገባ የሚነግሩኝ ሰዎች ጥሩ ማስረጃ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ ካኖን ጨምሮ ጥቂት ክልሎች የፖሊዮ ክትባት ያመክናል በሚል ወሬ ዘመቻውን አቆሙ። ቫይረሱ ከዚያ ተነሥቶ በቻድና በሱዳን አድርጎ ኢትዮጵያ ድረስ መጣ፤ ከእኛም አልፎ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። ካኖ ላይ የተወራ ወሬ እኛ አገር ያሉ ልጆችን ጎዳ ማለት ይቻላል። የኮቪድ ጊዜ ወሬ፣ በትምህርት ቤት ለልጃገረዶች በሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ላይ የሚወራው፣ ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ሁሉ እውነተኛ አደጋ ነው። ስለዚህ ወሬ ምንም አይደለም አልልም። የምለው ይህ ነው፤ ወሬን የሚመክተው የሚታመን ሰው እንጂ ድምፅ ማጉያ አይደለም፤ እናቶች ባለሙያዋን የሚያምኑት ደግሞ በሚደርስባቸው ነገር ነው። ሁለቴ ያለ ክትባት የመለሰቻት ሲስተር በሦስተኛው «ክትባቱ ለልጅሽ ይጠቅማል» ብትላት ቃሏ ክብደት አይኖረውም። ደግሞም ካልጀመሩት 27 ውስጥ ወሬ የያዛቸው ቢኖሩም፣ ጀምረው የጠፉት 34 ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ክንዳቸውንና ጭናቸውን ሰጥተዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። በ2008ቱ ጥናት አዲስ አበባ ላይ የጨረሱት 89 ከመቶ ሲሆኑ አፋር ላይ 15 ነበሩ። ይህን የብልቃጥ አከፋፈት አያስረዳም። ከግመል ጋር የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ፣ ፍሪጁ በመብራት መቋረጥ የሞተበት ጤና ኬላ፣ ጦርነት የዘጋው መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በነበረው ግምት ወደ 900 ሺሕ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት የመጀመሪያውን ፔንታ እንኳ አላገኙም፤ ከአፍሪካ ከናይጄሪያ ቀጥለን ማለት ነው። ለእነዚህ ልጆች የክትባት ክፍልን ማስተካከል መልስ አይሆንም፤ ክፍሉ የለምና። ለእነሱ ባለሙያ መውጣት አለበት፣ ዘመቻም ያስፈልጋል። ዘመቻ ኩፍኝን እንደሚያበርድ አይተናል፤ የፖሊዮ ዘመቻም ባይኖር ኖሮ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የተነሣው ፖሊዮ ባልቆመ ነበር። ሆኖም ዘመቻ ያለፈበት ቦታ ላይ በየሳምንቱ የሚወለደው ሕፃን በማግሥቱ የሚሄድበት ክፍል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጉዳዩን በሁለት እከፍለዋለሁ። ክፍል በሌለበት ክፍሉን አድርሱ፤ ክፍል ባለበት፣ ያውም ሕዝቡ በብዛት በሚኖርበት ደጋና ከተማ፣ እናትን መውቀስ ይቁምና ክፍሉ ይመርመር።

አንድ ጤና ጣቢያ ነገ ምን ማድረግ ይችላል?

መጀመሪያ የራሱን ልጆች ይቁጠር። ፔንታ አንድ የወሰዱት ስንት ናቸው፣ ፔንታ ሦስት የደረሱት ስንት ናቸው? የጎደለውን ለፊተኛው ማካፈል ነው። ከመቶ ከ10 በላይ ከጠፋ ችግሩ ከመምጣት ሳይሆን ከመመለስ ላይ ነው ይባላል። የ2008ቱ አገራዊ ቁጥር በዚህ ሲሰላ 27 ከመቶ ይመጣል። በብዙ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ይህን የሚያሳይ የወር ቻርት ተለጥፏል፤ አንዳንዱ ጋ መስመሩ ከጥቅምት ወዲህ አልተሰመረም።

ቀጥሎ የቀሩትን መጥራት ነው። በአንድ ሣጥን ውስጥ የካርዱን ግልባጭ በሚመለሱበት ወር መደርደር የቆየ ዘዴ ነው፤ ወሩ ሲያልቅ በክፍሉ የቀረው ካርድ ያልመጣው ልጅ ነው። የስልክ መልእክትም ይረዳል፤ የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ግምገማ ማስታወሻ መላክ የተከታቢዎችን ቁጥር ከመቶ በ8 ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከመጠን በላይ ግን አንመካበት። በምዕራብ ኬንያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት መልእክት ብቻ የተላከላቸውና ምንም ያልተላከላቸው መንደሮች ብዙ እንዳልተለያዩ፣ ከመልእክቱ ጋር 200 ሽልንግ የተሰጣቸው ግን ከ82 ወደ 90 ከመቶ እንደደረሱ ተናግሯል። 200 ሽልንግ ለክትባት ጉቦ አይደለም። የትራንስፖርትና የጠፋ የሥራ ቀን ዋጋ ነው። እናቲቱ መልእክቱ ደርሷት ያልመጣችው ረስታ ሳይሆን ቀኑ ስለሚያስከፍላት ነበር ማለት ነው። የክትባት ክፍሉ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢከፈት እዚህ አገር የሽልንጉን ያህል ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ባለሙያዎቹ ላይ ሁሉን መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። አንዲት ነርስ ትከትባለች፣ ትመዝናለች፣ በሦስት ዓይነት መዝገብ ትጽፋለች፣ የቤተሰብ ምጣኔም ትይዛለች። አንድ ደቂቃ ምክር ስጪ የሚላት ሰው አንዱን መዝገብ ሊያነሣላት ይገባል። ብክነትን ብቻ የሚጠይቀው ሱፐርቫይዘርም ከዛሬ ጀምሮ «ዛሬ ስንት ልጅ ሳይከተብ መለስሽ?» ብሎ ይጠይቅ። የግል ክሊኒክ ባለቤቶችም ካርድ መጠየቅ ምንም አያስከፍላቸውም።

ይህን ለምታነቡ ወላጆች አንድ ነገር ልበል። የልጃችሁ ቀጠሮ ካለፈ፣ ሦስት ወርም ይሁን ስድስት፣ ክትባቱ ከመጀመሪያ አይጀመርም፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ሮታን የመሰለ የዕድሜ ገደብ ያለው ካልሆነ በቀር የቀረው ሁሉ ዘግይቶም ይሰጣል። ካርድ ቢጠፋ ከመዝገብ ይፈለጋል፣ ካልተገኘም ባለሙያዋ የሚደርሰውን ትሰጣለች። ተቆጥታ ብትቀበላችሁም አትመለሱ፤ «ዛሬ የሚደርሳት የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚደርሰውን ሁሉ አስወጉ፣ የምትመለሱበትን ቀን ካርዱ ላይ ሳታስጽፉ አትውጡ።